በመስኮት ድንጋይ ላይ የቀረች እግር

በፎቶው ላይ ያለችው «ማንነቷ ያልታወቀ ልጅ» እኔ ነኝ።

ባለፈው ጥር የአውራጃችን ቤተ መዛግብት የድሮ ፎቶዎቹን ኢንተርኔት ላይ ዘርግፎ፣ በምስሎቹ ላይ ያሉትን ሰዎች የምታውቁ ንገሩን ብሎ ለመነ። ትምህርት ቤት ኩሽና ውስጥ አብራኝ የምትሠራው ግሌኒስ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና፣ «ሎርና፣ ይሄ ፍንጭት ያንቺ አይደል እንዴ?» አለችኝ። ፍንጭቱ የኔ ነው። ጫፉ ሁለት ጊዜ የተቀጠለው ቀሚስም የኔ ነው። ከኋላዬ ያለው ባለ ሦስት ፎቅ የድንጋይ ቤት ግን ዛሬ የማንም አይደለም፤ ቦታው ላይ ነዳጅ ማደያ ቆሟል። መኪና ከያዝኩ ጀምሮ አንድም ቀን እዚያ ገብቼ ቀድቼ አላውቅም፤ ነዳጄ አልቆ መንገድ ላይ ብቀር እመርጣለሁ።

በእጄ ከቁመቴ የሚበልጥ ዘንግ ይዣለሁ፤ ቀይና ነጭ እየተፈራረቀ የተቀባ። ያን ጊዜ ፎቶ የተነሳሁት ስለማምር ነበር የሚመስለኝ። ለካ ፎቶው የቤቱ ነው፤ ዘንጉ የቤቱን ቁመት ለማሳየት ነው፤ እኔ ዘንጉ እንዳይወድቅ ነው የቆምኩት።

ዘንጉን ያስያዙኝ ሴት ሚስ አልደርሰን ይባላሉ። እኚህን ሴት አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠልቻቸው ኖሬያለሁ። ሰው ስለ ክህደት ሲያወራ በሰማሁ ቁጥር ፊቴ ድቅን የሚለው የሳቸው ጭቃ የነካው ቦት ጫማና ከጆሯቸው ጀርባ የሰኩት እርሳስ ነበር።

ብሮድክላፍ ከወንዙ በላይ ዳገቱ ላይ የተንጠለጠለች መንደር ናት። ቤታችን ፋብሪካዎቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ ሰው ሱፉን እቤቱ ፈትሎ እቤቱ ይሸምን በነበረበት ዘመን የተሠራ ነው። ታችኛው ለኑሮ፣ ላይኛው ለሥራ። ላይኛው ፎቅ ከዳር እስከ ዳር አንድ ክፍል ሲሆን ከፊት ለፊቱ ዘጠኝ መስኮት ተደርድሮ ነበር፤ በመስኮትና በመስኮት መሀል አንዳንድ ቀጭን የድንጋይ ምሰሶ ብቻ ነው ያለው። ሸማኔ ያለ ብርሃን አይሠራማ። በጎኑ ግድግዳ ላይ ደግሞ ደረጃ የሌለው፣ ወደ ባዶ ሰማይ የሚከፈት በር ነበር። የሱፍ ጭነት በገመድ የሚሳብበት ነው። አያቴ ግን መላእክት ደጅ ጠንተው እንዳይመለሱ የተሠራ በር ነው አለኝ፤ እኔም ስምንት ዓመት እስኪሞላኝ አመንኩት። አያቴ ሲዋሽ ፊቱ አይለወጥም።

ሦስት ነበርን። አያቴ ክሊፎርድ ሃምሳ ዓመት የሱፍ ፋብሪካ ሠርቶ ሳንባውን እዚያው ትቶ የመጣ ሰው ነው። አባቴ ትሬቨር በጭነት መኪና የድንጋይ ከሰል ያከፋፍላል። እናቴ አምስት ዓመቴ ላይ ከአንድ ምንጣፍ ነጋዴ ጋር ሊድስ ከተማ ገብታ ቀረች። ሴት አያቴ በሞተች ዓመት አያቴ ቤቱን ወደ አባቴ ስም አዛወረው። የመሀላቸው ውል የቃል ነበር። አያቴ፣ «እስክሞት እዚሁ ነኝ፤ ከዚህ ቤት የምወጣው ተሸክማችሁኝ ነው» አለ። አባቴም፣ «የት ትሄዳለህ ታዲያ?» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ሰምቻለሁ፤ እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

ከዘጠኙ መስኮቶች አምስተኛው ሥር፣ የድንጋዩ ደፍ ላይ፣ አንዲት ትንሽ የእግር ቅርጽ ነበረች። በድሮ ጊዜ አንድ ልጅ እግሩን ድንጋዩ ላይ አቁሞ ዙሪያውን በስለታም ነገር ፍቆታል። ከጎኑ «ኤች.ኤስ. 1761» ይላል። አያቴ «ሐና ሰትክሊፍ ናት» ይላል፤ እኛም ሰትክሊፎች ነን፤ ማስረጃ ግን የለውም። በየልደቴ ቀን አንስቶ እዚያ ላይ ያቆመኝና እግሬን ከሐና እግር ጋር ያስተያየዋል። አባቴም በልጅነቱ እዚያ ላይ ቆሟል፤ አያቴም፣ የአያቴ አባትም። ሰባት ዓመቴ ላይ ልክክ አለችልኝ። ዘጠኝ ሲሞላኝ ጣቶቼ ወጡ።

«እንግዲህ እግርሽ አደገብን» አለ አያቴ። «ሐና ከእንግዲህ ጫማዋን አታውስሽም።»

አለቀስኩ። እሱ ሳቀ፣ ከዚያ ሳለ፣ ከዚያ የኪሱን ከረሜላ ሰጠኝ።

በዚያ ዓመት ጸደይ ላይ አንድ ሽሮ መልክ ካፖርት የለበሰ ሰው ሁለት ጊዜ ወደ ቤታችን መጣ። ቤቱን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። የግቢያችን አጥር ላይ ተቀምጦ ከታች በመንገዱ የሚያልፉትን መኪኖች ሲቆጥር ዋለ። መኪና የሚወድ ሰው መሰለኝና አጠገቡ ተቀምጬ ቀይ ቀዩን ቆጠርኩለት። ማስቲካ ሰጠኝ። አባቴ ሲሸኘው ትከሻውን መታ መታ አደረገው። አያቴ ከላይ መስኮት ሆኖ እያየ ነበር። ነዳጅ ሊሸጥ የሚያስብ ሰው ለምን መኪና እንደሚቆጥር ዛሬ ማንም ያውቀዋል፤ ያኔ ያወቀው አያቴ ብቻ ነው።

በሳምንቱ አያቴ አንድ ደብዳቤ ፖስታ ቤት ወስጄ እንድጨምርለት ሰጠኝ።

«ለአባትሽ እንዳትነግሪው፣ እሺ ሆዴ?»

«ለምን?»

«ለቤቱ ስጦታ ነው።»

እኔ ደግሞ ስጦታ ሲባል መጋረጃ ነው የመጣልኝ። አልተናገርኩም። አንድ ነገር ልመስክር፤ እሱን ምስጢር እስከ ዛሬ ጠብቄያለሁ። ያልጠበቅኩት ሌላውን ነው።

መልሱ ለአያቴ አልመጣም፤ ቤቱ የተመዘገበው በአባቴ ስም ነውና ለአባቴ መጣ። ቁርስ ላይ ከፍቶ ሦስት ጊዜ አነበበው። በአውራጃው ያሉትን የድሮ ሸማኔ ቤቶችና ፋብሪካዎች እየለኩ የሚመዘግቡ ባለሙያ ቤታችንን ማየት ይፈልጋሉ ይላል።

«አባዬ፣ አንተ ነህ የጻፍክላቸው?» አለው አያቴን።

«በዚህ በሚንቀጠቀጥ እጄ? ስሜን እንኳ መጻፍ ትቻለሁ» አለ አያቴ። ፊቱ አልተለወጠም።

አባቴ ትንሽ አሰበና ፈገግ አለ። «ይምጡ እንግዲህ። ሻይ እናፈላላቸዋለን።»

ደስ አለኝ። አባቴ እንግዳ ሲመጣ ደስ ሲለው ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ደስታ አለመሆኑን ማን ይንገረኝ?

ሚስ አልደርሰን በግንቦት፣ በትንሽ አረንጓዴ መኪና መጡ። ረጅም ናቸው፤ ጸጉራቸውን በሲባጎ አስረውታል። ሦስት ቀን ከእኛ ጋር ዋሉ። ውጭውን ይለካሉ፣ ውስጡን ይለካሉ፣ ግድግዳውን በጣታቸው ያንኳኳሉ፣ ከዚያ ቁጭ ብለው ይስላሉ። አያቴ ወንበሩን ይዞ ከክፍል ክፍል እየተከተለ ይቀልድባቸዋል።

«ስንት ወጣ?»

«አምስት ሜትር ከአርባ።»

«በክርስቲያን ቋንቋ ይንገሩኝ።»

«አሥራ ሰባት ጫማ ከዘጠኝ ኢንች ገደማ።»

«እንዲያ ነው እንጂ! ሜትር የፈረንሳይ ነው፤ ሸማኔው እኮ ፈረንሳዊ አልነበረም።»

ሳቁ። እንደሳቸው አፉን ከፍቶ የሚስቅ ትልቅ ሰው እኛ ቤት ገብቶ አያውቅም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «የዚህ ቤት አዋቂ ማን ነው?» አሉ። አያቴ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። ክንፍ አወጣሁ። እጃቸውን ይዤ የሰማዩን በር፣ ምድጃው ግንባር ላይ የተቀረጸውን 1742 የሚል ዓመት፣ ዘጠኙንም መስኮቶች አሳየኋቸው። ሁሉም ጋ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ጀርባ ያወጣሉ። መጨረሻ ላይ ወደ አምስተኛው መስኮት ወሰድኳቸው።

የሐናን እግር ሲያዩ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ስስ ወረቀት አውጥተው ድንጋዩ ላይ አነጠፉና በእርሳስ ጎን ቀስ ብለው አሹት። እግሯ ከእነ ጣቶቿ፣ ከእነ ተረከዟ ወረቀቱ ላይ ብቅ አለች። «ሎርና፣ ሃያ ዓመት ቤት ስለካ እንዲህ ያለ አላየሁም» አሉኝ። እኔ የሠራሁት ያህል ኮራሁ።

በሦስተኛው ቀን አባቴ ከሥራ ቀደም ብሎ ገባ። ፊቱን ታጥቧል፤ ኬክ ገዝቷል። ለእኛ ኬክ ገዝቶ አያውቅም። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው እሱ ነው። ለሚስ አልደርሰን ወንበር ሳበላቸው፣ ሻይ ቀዳላቸውና ጠየቀ።

«ለመሆኑ ከዚህ ሁሉ ድንጋይ ውስጥ ቁም ነገር ያለው የቱ ነው? እኛማ ተወልደንበት አናየውም።»

ሚስ አልደርሰን ፊታቸው በራ። አሁን ሳስበው፣ ይህን ጥያቄ የሚጠይቃቸው ባለቤት በዓመት አንድ ቢያገኙ ነው። በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩት፤ መስኮቶቹ፣ የጭነት በሩ፣ ባለ ዓመቱ ምድጃ። «እነዚህ እስካሉ ድረስ ቤቱ የቅርስ መዝገብ ላይ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ከገባ በኋላ ማንም አያፈርሰውም፤ ባለቤቱም ቢሆን።»

«መቼ ነው የሚገባው?»

«ወረቀቱ ሄዶ ተፈርሞ እስኪመለስ፣ መስከረም ይሆናል።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያማ» አሉ ኬካቸውን እየቆረሱ፣ «በእርስዎ ደግነት እጅ ነው ያለው።»

አባቴ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። አያቴ ሻዩን እያማሰለ ነበር። ስኳር አልጨመረበትም፤ ዝም ብሎ ያማስል ነበር።

በዚያኑ ምሽት፣ ከእራት በኋላ፣ አባቴ አንድ ነጭ ወረቀትና የከሰል ደንበኞቹ ስም ላይ ምልክት የሚያደርግበትን ቀይ እርሳስ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ሥዕል ስስል ዞር ብሎ አይቶልኝ አያውቅም። ያን ዕለት ግን ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ። የከሰልና የሳሙና ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

«አንቺ ዓይንሽ ጥሩ ነው» አለኝ። «እስቲ ቤታችንን ሳዪልኝ። ከዚያ ሴትዮዋ እርሳሷን ያወጣችበት ቦታ ሁሉ ላይ ኮከብ አድርጊ። እሷ ለእኔ ሁሉንም አልነገረችኝም፤ አንቺ ግን አይተሻል።»

«ለምንድን ነው?»

«እንዳልረሳው። ቤቴ አይደል?»

ሳልኩለት። ምላሴን ከጥርሴ መሀል አውጥቼ፣ ዘጠኙን መስኮት አንድ ሳላጓድል። አንድ ኮከብ መስኮቶቹ ላይ፣ አንድ በሰማዩ በር ላይ፣ አንድ በምድጃው ላይ።

«በቃ?» አለ።

ትንሽ ሰሰትኩ። የሐና እግር የእኔና የአያቴ ናት። ግን ክንዱ ትከሻዬ ላይ ነበር። አምስተኛው መስኮት ሥር ትንሽ እግር ሳልኩና ላይዋ ላይ ከሁሉም የሚበልጥ ኮከብ አደረግኩ።

«ይቺንማ ረስቼያት ነበር!» አለ አባቴ። ወረቀቱን አጣጠፈና ግንባሬን ሳመኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ምሽት ደስ ብሎኝ ተኝቼ አላውቅም።

በሐምሌ የፋብሪካዎቹ እረፍት ሳምንት ደረሰ። በእኛ ሸለቆ ያን ሳምንት ፋብሪካው ሁሉ በአንድ ቀን ይዘጋል፤ ሰውም ሁሉ በአንድ ቀን ባሕር ዳርቻ ይወርዳል። ዳቦ ቤቱ ይዘጋል፣ ጸሎት ቤቱ ይዘጋል፤ መንደር ውስጥ የሚቀረው ድመትና የአልጋ ቁራኛ ነው። እኛ ሄደን አናውቅም። በዚያ ዓመት አባቴ ለእኔና ለአያቴ ሞርካም በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሙሉ ሳምንት አልጋ ያዘልን።

«አንተስ?» አለው አያቴ።

«ሥራ አለኝ።»

«ከሰል በሐምሌ?»

አያቴ «አልሄድም» አለ፤ ሁለት ቀን ሙሉ አልሄድም አለ። እኔ ወለሉ ላይ ተንከባልዬ አለቀስኩ። ባሕር አይቼ አላውቅም፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ፣ ትጠሉኛላችሁ፣ ያላልኩት የለም። በሦስተኛው ቀን አያቴ ባርኔጣውን አነሳ። «እሺ፣ ላንቺ ስል» አለኝ። አባቴ ባሪያ ቢገዛ እንደኔ አያገለግለውም ነበር።

ሞርካም ላይ አያቴ ብርድ ልብስ ደርቦ የባሕሩን አየር ሲስብ ዋለ፤ ሳሉ ቀነሰለት። ከወረቀት ላይ ትንንሽ የባሕር ሽሪምፕ በጣታችን በላን። የመንደራችን ሰው ሁሉ እዚያው ስለነበር በየአሥር እርምጃው ሰላምታ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? ሳምንቱን ሙሉ ሳቅን።

ቅዳሜ ተመልሰን ከአውቶቡሱ ስንወርድ አያቴ ዳገቱ መሀል ቆመ። ሳንባው መስሎኝ ጠበቅኩት። እሱ ግን ቀና ብሎ ያይ ነበር። ላይኛው ፎቅ ላይ ዘጠኝ መስኮት የለም። አንድ ትልቅ ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው ውስጥ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ፍሬም። የሰማዩ በር በብሎኬት ተደፍኗል። ግቢው ውስጥ የተሰባበረ ድንጋይ ተከምሯል፤ ከክምሩ ላይ 17 የሚል የምድጃው ቁራጭ ይታየኛል፤ 42ቱን አላገኘሁትም። አባቴና ጓደኛው ኬኒ አቧራ ለብሰው አጥሩ ላይ ተቀምጠዋል። ኬኒ እኛን ሲያይ መዶሻውን ይዞ በጓሮ ወጣ።

«ምን ተደረገ?» ብዬ ጮህኩ።

አባቴ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «ምን ላድርግ? ማዘጋጃ ቤት አስገደደኝ። ያቺ ሴትዮሽ ናት። ይህ ሁሉ ድንጋይ ሰው ላይ ይወድቃል፣ ይነሳ ብላ ጻፈችብን።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። አመንኩት። ለምን አላምነውም? አባቴ ነው።

አያቴ ክምሩ ውስጥ ገባ። እኔም ገባሁ፤ አምስተኛውን ደፍ ፈለግኩ። ሌሎቹ ደፎች በርዝመታቸው ሙሉ ሙሉውን ወድቀዋል። የሐና ድንጋይ ግን እንደ ስኳር ተፈጭቷል። ተረከዟ ያለችበትን አንድ ቁራጭ ብቻ አገኘሁ። አያቴ ጎንበስ ብሎ ከአቧራው መሀል አንድ ነገር አንስቶ ሰደርያው ኪስ ውስጥ ከተተ። እሱም የእግሯ ቁራጭ ያገኘ መሰለኝ።

ሚስ አልደርሰን በነሐሴ መጡ። ከመኪናቸው ወርደው ቤቱን አዩትና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ዘንጉን በር ላይ አስደግፈው ከአያቴ ጋር ወደ ውስጥ ገቡ። እኔ ጊዜ አላጠፋሁም። ዘንጉን አንስቼ ቁልቁል ሮጥኩና ድልድዩ ላይ ቆሜ ወንዙ ውስጥ ወረወርኩት። ስመለስ ሁለቱ ደጅ ላይ ቆመው ነበር፤ አባቴም ከጭነት መኪናው አጠገብ ቆሟል።

«ወንዝ ውስጥ ጣልኩት!» አልኳቸው። «አንቺ ውሸታም ነሽ! ቤታችንን ያስፈረስሽው አንቺ ነሽ! ሐናን የገደልሻት አንቺ ነሽ!» በሕይወቴ ትልቅ ሰው «አንቺ» ብዬ አላውቅም ነበር።

ሚስ አልደርሰን ጎንበስ አሉ። «ማን ነገረሽ?»

«አባዬ!»

ቀና ብለው አባቴን አዩት። አባቴ ጎማ መፈተሽ ጀመረ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ወደ አያቴ ዞሩ። አያቴ ራሱን ነቀነቀ፤ ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ። እኔ በእሳቸው ተጸይፎ ነው ብዬ ተደሰትኩ። እሳቸው አፋቸውን ዘጉ። እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አውጥተው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና፣ «ደህና ሁኚ፣ ሎርና» ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

ቤቱ መዝገብ ላይ አልገባም። ምኑ ይግባ? በጥቅምት ተሸጠ፤ በኅዳር ፈረሰ። እኔና አባቴ ግድግዳው ውስጥ የሙቅ ውሃ ቱቦ ያለው አዲስ ቤት ገባን፤ የራሴ ክፍል ተሰጠኝ፤ ለስላሳ ሮዝ ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጠፈልኝ። አያቴን ሳንባው ሐኪም አጠገብ መሆን አለበት ተብሎ የአረጋውያን መኖሪያ አስገቡት። እሁድ እሁድ እሄድ ነበር። አንድ ቀን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ «አባባ፣ ያቺ አልደርሰን ባትመጣ ኖሮ እቤታችን ነበርን» አልኩት።

«ተያት፣ ሆዴ» አለኝ። «ሰው አትጥዪ።» ከዚያ ሳል ያዘው፤ ነርሷ አስወጣችኝ። በየካቲት ሞተ። እንዳለው ተሸክመን አወጣነው፤ ከዚያ ቤት ግን አይደለም።

እናም ባለፈው ጥር፣ ግሌኒስ ስልኳን ካሳየችኝ በኋላ፣ ቤተ መዛግብቱ ሄድኩ። ፎቶ ላይ ያለችው እኔ ነኝ ልላቸው፣ እግረ መንገዴንም ሚስ አልደርሰን የጻፉትን ያን «አደገኛ ነው» የሚል ወረቀት በዓይኔ ላየው። ወጣቱ ሠራተኛ ሚስ አልደርሰን ከአራት ዓመት በፊት እንዳረፉ ነገረኝና አንድ ወፍራም ፋይል አመጣልኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉት እውነት ነው። ሁሉም አለ። ሻይ የፈሰሰበት የቤቱ ንድፍ አለ። የአያቴ ደብዳቤ አለ፤ «ልጄ ቤቱን ሊያስፈርስ ነው፤ እኔ ልጄን መክሰስ አልችልም፤ እናንተ ግን ቤቱን መመዝገብ ትችላላችሁ» ይላል። የሐና እግር በእርሳስ እንደታሸች አለች፤ አሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ እግር። «አደገኛ ነው» የሚል ወረቀት ግን የለም። መጀመሪያም አልነበረም።

ከፋይሉ መጨረሻ አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ነበር፤ መታጠፊያው ላይ የድንጋይ አቧራ የገባበት። ሳልከፍተው አወቅኩት። ዘጠኝ መስኮት፣ አራት ቀይ ኮከብ። ቦታዎቹ በመዶሻ የተመቱት በኮከቦቼ እየተመሩ እንደሆነ ይታያል፤ እያንዳንዱ ኮከብ በወፍራም የአናጢ እርሳስ ተሰርዟል። ትልቋ ኮከብ ሁለት ጊዜ ተሰርዛለች። ከሥሩ በሚስ አልደርሰን እጅ እንዲህ ተጽፏል፤

«ይህን ሚስተር ክሊፎርድ ሰትክሊፍ ከፍርስራሹ አንስተው ሰጡኝ። ‹እቤት ከቆየ ልጅቷ አንድ ቀን ታገኘዋለች። አላቃጥለውም፤ የእጇ ሥራ ነው። እርስዎ ጋ ይቀመጥ፤ ጥላቻዋ በእርስዎ ላይ ይረፍ፤ እሷ አባቷን አትጣ› አሉኝ። የትኛው ቦታ ዋጋ እንዳለው ለባለቤቱ የነገርኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም።»

አያቴ ሰደርያው ኪስ ውስጥ የከተተው ይህን ነበር። ራሱን ሁለት ጊዜ የነቀነቀው እንዳይነግሩኝ ሲለምናቸው ነበር። ሁለቱም ሆድ ይፍጀው ብለው ተማምለው ሞቱ። እኔ ደግሞ አርባ ሦስት ዓመት የማይገባቸውን ስጠላ፣ የሚገባውን ስወድ ኖርኩ። አባቴ አያቴን ከዳው፣ ቤቱን ከዳው፤ እኔን ግን በገዛ እጄ ነው ያስከዳኝ። ሠራተኛው ውሃ አመጣልኝ። ቅጂ ይደረግልሽ ወይ አለኝ። አዎ አልኩት።

አባቴ አሁን ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። ፎቅ በሌላት ትንሽ ቤት ብቻውን ይኖራል፤ ሐሙስ ሐሙስ ምግብ ሠርቼ እወስድለታለሁ። በዚያ ሐሙስ የስጋ ኬኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ቅጂውን ከጎኑ ዘረጋሁት። በመኪና ውስጥ ሦስት ዓረፍተ ነገር ተለማምጄ ነበር የመጣሁት። ሦስቱም ከተነገሩ በኋላ ወደ እሱ ቤት የሚመልሱኝ አልነበሩም።

«አባዬ፣ ይሄን ታውቀዋለህ?»

መነጽሩን ፈልጎ አደረገ። ብዙ ጊዜ አየው። በጣቱ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ተከተለ፤ በሩ ላይ፣ ምድጃው ላይ ቆም ቆም አለ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የአያቴን እጅ መስሏል። ትልቋ ኮከብ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። አሁን ይደነግጣል ብዬ ጠበቅኩ። ዓይኑን ከእኔ ይደብቃል ብዬ ጠበቅኩ።

ሳቀ።

«ይቺንማ ረስቼያት ነበር» አለ። «አንቺ ባትኖሪ ትቀርብኝ ነበር።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና ክንዴን መታ መታ አደረገ። «ዓይንሽ እኮ ድሮም ጥሩ ነው።»

ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች ከአፌ ጠፉ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።